ክኒኑን እምቢ ብሎ አልጋውን የከፈለ መድን
(ለወረዳችን የጤና መድን አባላት ዓመታዊ ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የጉባኤው አባላት፣ የወረዳችን ኃላፊዎች፣ እናቶችና አባቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

መድረኩ የተሰጠኝ በሪፖርቱ ላይ አስተያየት እንድሰጥ ነው። መዋጮው በጊዜው ተሰብስቧል፣ የደከሙትን እናመሰግናለን። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ማኅተሟ ልናገር ነው፤ «የለም» ስለምትለው።

መቼም የማያውቃት የለም። ሐኪሙ በነጻ ያያችኋል፣ ላቦራቶሪውም በነጻ፤ እስከዚህ እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ ማዘዣ ይዛችሁ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ትሰለፋላችሁ። ልጅቷ ማዘዣውን ታያለች፣ ጧ ታደርግበታለች። «ከውጭ ይግዙት።»

አንዲት ጎረቤቴ የደም ግፊት አለባት። መዋጮዋን አንድ ዓመት አጓድላ አታውቅም። ያን ቀን አብሬያት ነበርኩ። የግል መድኃኒት ቤት ሄድን፣ ዋጋውን ጠየቀች፣ ከመቀነቷ ፈታ ቆጠረች፣ አልበቃም። ላበድራት ብል በጄ አላለችም። «ልጄ፣ ግማሹን ቁረጥልኝ» አለችው። ልጁ በመቀስ ቆረጠላት። የመድኃኒቱ ስምና ማብቂያው ቀን የተጻፈበት ግማሽ እዚያው ቀረ። ደረሰኙን ይዘን የመድኑ ቢሮ ስንሄድ «ውል ከያዝንበት መድኃኒት ቤት አልገዛችሁም» ተባልን። ውል የያዛችሁበትማ አስቀድመን ሄደናል፤ እሱም የለውም!

እሷም ያንኑ ግማሽ አንድ ቀን እየዘለለች ስትውጥ ከረመች። ከዚያ አፏ ተጣመመ፣ ግራ እጇ ዛለ። ሆስፒታል ተኛች። የአልጋውን፣ የምርመራውን፣ የሁሉን ሂሳብ ማን ከፈለ? የእኛው መድን! ክኒኑን አልከፍልም ያለው መድን አልጋውን ከፈለ። ይኼ ቁጠባ ከሆነ ሂሳቡን አንድ ሰው ያስረዳኝ።

ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ሰው ለመታከም በሬውን እንዳይሸጥ ተብሎ ነበር። ዛሬ የሚታከመው በነጻ፣ የሚሸጠው ለመድኃኒቱ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል መድኃኒት ይደጎማል ተብሎ ሰምተናል። እኛ ሰፈር መስኮት ላይ ግን አላየነውም። አይቻልም እንዳትሉኝ፤ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ እየተሰጠ ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። «የለም» የተመታበት ማዘዣ ፈቃድ ካለው ከማንኛውም መድኃኒት ቤት ደረሰኝ ጋር ሲቀርብ፣ መድኑ በተወሰነ የዋጋ ጣሪያ ይክፈል። መዋጮአቸውን መንግሥት ለሚከፍልላቸው ወገኖች ደግሞ ቅድሚያ ይሰጥ፤ እነሱ ቀድመው የሚከፍሉት ስለሌላቸው ክፍያው በቀጥታ ለመድኃኒት ቤቱ ይሁን። «ሰው ያጭበረብራል» የሚል አይጠፋም። ማዘዣውን የጻፈው የእናንተ ሐኪም፣ ማኅተሙን የመታችው የእናንተ ሠራተኛ፤ እኛ የቱ ጋ ነው የምናጭበረብረው?

ስለ ሪፈር ወረቀትና ስለ መታወቂያ እድሳትም የምለው ነበረኝ፤ ሰዓት እንዳልሻማ ለጸሐፊው በጽሑፍ እሰጣለሁ። ይህችኛዋ ግን ዛሬውኑ ድምፅ ይሰጥባት፣ በቃለ ጉባኤም ትያዝልኝ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።