ቅርስ ሸጥክ ይሉኛል

እሺ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለኝም ብቻዬን ነኝ፣ ከኋላዬ የሚንኳኳው ዝናቡ ነው፣ የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮ ላይ አንዴ ከጀመረ አያስቀርፅም።

የዘፈን ሸክላ መሸጫና ማጫወቻ መጠገኛ ቤት ያበላል ወይ ለምትሉኝ፣ ሸክላው ብቻውን አያበላም፣ የሚያበላኝ ጥገናው ነው። በቀደም አንድ አባት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን ማጫወቻ ይዘው መጡ፣ ትራንስፎርመር አላቸው፣ ይሰራል፣ ግን ዘፋኙ ይጎተታል እንቅልፍ እንደያዘው ሰው። "ሸክላው ነው የተበላሸው አይደል ልጄ?" አሉኝ። አይደለም አባባ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው፣ የኛ 50፣ የአንዳንድ ማጫወቻ ሞተር ደሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ነው፣ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እንጂ ኸርዙን አይነካም፣ ስለዚህ በደቂቃ 45 መዞር ያለበት ሸክላ 37 ተኩል ብቻ ይዞራል ማለት ነው። ቀበቶው የሚዞርባትን ፑሊ ትንሽ ወፈር አድርጌ ቶርኖ ቤት አስቀረፅኩና ገጠምኩላቸው። ዘፋኙ ነቃ። እሳቸው ግን ሂሳቡን ረስተው ቁጭ ብለው ሁለቱንም ፊት ሰምተው ሄዱ፣ በማግስቱ ልጅ ልከው ከፈሉኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሰሞኑን ለአንድ የውጭ ሸክላ ሰብሳቢ አንድ ባለ 45 ዙር ሸክላ ሸጥኩለት፣ የሱቁን ኪራይ ሸፈነልኝ፣ ይሄ ተሰማና "ቅርስ ሸጠ" ተባልኩ። በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ያሉኝ ሰዎች አንዳቸውም አንድ ሸክላ ገዝተውኝ አያውቁም።

የኛ ሸክላ ለምን ብርቅ ሆነ? በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በፈረንጆቹ 1969 ያንን ጥሶ የመጀመሪያዎቹን ህንድ ሀገር አሳትሞ አመጣ፣ እስከ 1975 ቀጠለና ከሀገር ወጣ። አሊ ታንጎ የምንለው አሊ አብደላ ካይፋም ሌላው አሳታሚ ነበረ። ከዛ ካሴት መጣ፣ ሸክላ ማሳተም ቆመ። በቃ ያ ያጭር ጊዜ ሥራ ነው ያለን፣ የቀረውም ሰው ቤት ቆጥ ላይ ነው።

ጅማ ውስጥ ደሞ ቆጥ ማለት እርጥበት ነው። የሸጥኩትን ሸክላ ሳገኘው ሌላ ዕቃ ተጭኖበት ነበር፣ ልባሱ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ፣ መስመሮቹ ውስጥ ነጭ ሻጋታ እንደ ዱቄት ገብቶ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ሁሌ በመስመሩ አቅጣጫ እንጂ ተሻግሮ አይደለም፣ መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይርስ በጣቴ ከልዬ። (በደቂቃ 78 የሚዞረው የድሮው ሸክላ ከሆነ ቤታችሁ ያለው፣ አደራ አልኮል እንዳታስነኩት፣ ይሟሟል።) አጥቤ ሳበቃ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይንጫጫል እንጂ ይዘፍናል። እና ቅርስ የሚሉኝ ሰዎች፣ እቃ መደገፊያ ሆኖ ሲሻግት የት ነበሩ?

እኔ ያለኝ አቋም ይሄ ነው፣ ሁለት ካለኝ አንዱን እሸጣለሁ፣ ለፈረንጅም ለማንም፣ አላፍርም። ፈረንጅ ሰብሳቢ ቢያንስ ደረቅ ቦታ አቁሞ ያስቀምጠዋል፣ እኛ ደራርበን አስተኝተን ነው የምናጣምመው። አንድ ብቻ ካለኝ ግን አይወጣም፣ ገንዘቡ ያምራል፣ አዎ ያምራል፣ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሰው መጥቶ ቡና ይዞ የሚሰማው ምን ሊሆን ነው? ባዶ ሼልፍ?

ያው ሰብሳቢ ሰውዬ አሁን ደሞ አንድ ብቻ ያለኝን ሌላ ሸክላ ጠይቆኛል፣ ዋጋውን እጥፍ አድርጎ። አይሆንም ብዬ ፃፍኩለት፣ ባለቤቴ እስካሁን አልሰማችም፣ ይሄን ኤፒሶድ ከሰማች ማታ እናወራለን።