አይዘጋም?

እሺ... ደህና ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ አዲሱ ሥራ ላወራ ቃል ገብቼ ነበር። ይቆየን። አንድ ነገር ከእሁድ ጀምሮ አልለቀቀኝም።

ስለ ታንኩ ነው፣ ስለምገጣጥመው የፕላስቲክ ሞዴል። ቲ-55ቱ አለቀ! ስምንት ወር ሙሉ አብራችሁኝ ነበራችሁ። ሰንሰለቱ እንዴት እንዳስቸገረኝ ታስታውሳላችሁ? ቲ-55 ሰንሰለቱን ከላይ የሚደግፉ ትንንሽ ጎማዎች የሉትም። ሰንሰለቱ ረገብ ብሎ ትልልቆቹ አምስት ጎማዎች ላይ ነው የሚያርፈው። ያ ካልመጣ መጫወቻ ይመስላል። በመጨረሻ በክር አስሬ አሳደርኩት፣ ጠዋት ስፈታው ልክ ሆኗል። ደስ አለኝ። የጭስ ማውጫው በግራ በኩል ነው፣ እዚያ ጥቀርሻ አደረግኩ። ጭቃ አልቀባሁትም። አቧራ ብቻ። የካራማራ ነው ያልኩት፣ የ1970ው።

ለምን ካራማራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አባዬ እዚያ ነበር።

እሁድ ቡና እየተፈላ ነው። አባዬ መነጽሩን አደረገና ጠረጴዛው ጋ መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አየው። ዞረና ከኋላ አየው፣ የነዳጅ በርሜሎቹን። ምንም አላለም። እኔ ወረንጦ ይዤ ቆሜያለሁ፣ እንደ ተማሪ።

ከዚያ አውራ ጣቱን አንድ ክዳን ላይ አደረገ። ከላይ ሁለት ክዳን አለ። የግራው የአዛዡ ነው፣ ተኳሹም በዚያው ነው የሚወጣው። የቀኙ የአጉራሹ ነው። አባዬ የነካው የቀኙን ነው። ቀስ አድርጎ ወደ ታች ገፋው።

«ይሄ አይዘጋም?» አለኝ።

«አይዘጋም አባዬ፣ ክፍት አድርጌ ነው ያጣበቅኩት።» ደግሞ ስለ ሙጫው ማስረዳት ጀመርኩ። ይሄ ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያዋህደው፣ አንዴ ከያዘ ካልተሰበረ አይላቀቅም፣ ምናምን።

«ጥሩ» አለ።

ሄዶ ተቀመጠ። ሁለተኛው ቡና መጣ። ስለ ስኳር ዋጋ ተወራ።

«ጥሩ።» ምን ማለት ነው? ሥራው ጥሩ ነው ማለቱ መሰለኝ መጀመሪያ። ግን ድምፁን አውቀዋለሁ። ማታ ማታ «በሩ ተቆልፏል?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ስንለው «ጥሩ» ይላል፣ ከዚያ ይተኛል። ያቺ ናት። ያችው ራሷ ናት። ግን እኮ እዚህ የነገርኩት ክፍት መሆኑን ነው...

አጉራሽ የሚለውን ቃል አስባችሁት ታውቃላችሁ? ጉርሻ እኮ ነው። ለመድፍ ማጉረስ። የ100 ሚሊ ሜትሩ ጥይት 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አለ። ታንኩ 43 ይይዛል። አጉራሹ ከመድፉ በስተቀኝ ስለሆነ በግራ እጁ ነው ገፍቶ የሚያስገባው፣ እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት። አባዬ እኛን ሲያጎርሰን በቀኙ ነው። እርግጥ ሁሉም ሰው በቀኙ ነው። ለምን ይሄን እንዳነሳሁት እንጃ።

ትናንት ማታ ማስመሪያ አወጣሁ። ሞዴሉ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ነው። በዚህ ልክ አባዬ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ማስመሪያው ላይ አየሁት፣ 5 ሴንቲ ሜትር። ሳጥኑ ውስጥ በክዳኑ የሚወጣ ሰው አለ፣ ግማሽ አካል። እሱን አልቀባሁትም። ልቀባው አስቤ ነበር፣ ፊቱን ምን ዓይነት ላድርገው? ተውኩት።

በየዓመቱ የካቲት 26 ኮቱን ለብሶ ትግላችን ሐውልት ይሄዳል። ሲመለስ ማን እንደመጣ ይነግረናል፣ ማን እንደቀረም። ታንኩ ውስጥ ስለነበረው ግን... አንድ ቀን እንኳን። እኛም አልጠየቅንም። ልጠይቀው ይሆን? በአንድ ክዳን? ምናልባት ዝም ብሎ ነው ያለው። ሰው እኮ ዝም ብሎም ጥሩ ይላል።

ደግሞ ቀለሙ በደንብ አልደረቀም ነበር። ክዳኑ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ቀርቷል። መብራት ስር ስታዩት መስመሮቹ ሁሉ ይታያሉ። የመጨረሻውን ቫርኒሽ ከመቀባቴ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ አለብኝ፣ ካልሆነ ለዘላለም እንደዚያው ነው። ትናንት ወረቀቱን ቆርጬ አዘጋጀሁ። ዛሬም ጠረጴዛው ላይ ነው። እና...