መብራቷን ለማያይ አንባቢ፦ የኔትወርክ መሣሪያ ሰነድ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል

[ምስል፦ ቱሉ ዲምቱ፣ የፍጥነት መንገዱ መነሻ። ካሜራው ወደ አንድ ክሊኒክ ይዞራል።]

ተራኪ፦ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ሳይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ አለ እንበል። የካርድ ክፍሉን፣ ላቦራቶሪውንና ፋርማሲውን የሚያገናኘው ኔትወርክ የሚያልፈው በአንዲት አነስተኛ የሊኑክስ ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሯን የሚከታተለው ባለሙያ ግን የሚኖረው ሽሮ ሜዳ በመሆኑ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ከርቀት ነው። መስመሩ ሲያስቸግር ለጥበቃው ይደውልና «ጋሼ፣ እባክዎ ከሣጥኑ ጀርባ ያለውን ቢጫ ኬብል ነቅለው መልሰው ይሰኩልኝ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ባለሙያ የዕለት ተዕለት ክትትሉን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል፣ ማለትም ራሱ ትዕዛዝ እየላከ ሥራ ለሚያከናውን ፕሮግራም፣ ለመስጠት ቢወስን፣ ወኪሉ የሚደውልለት ጥበቃ የለውም፤ የመብራቷን መብራትና መጥፋትም አያይም። በእጁ ያለው የሚልከው ትዕዛዝ፣ የሚመለስለት ጽሑፍ እና አስቀድሞ ያነበበው ሰነድ ነው። ስለዚህ ባለሙያው በዐይኑና በስልኩ ሲሞላው የኖረውን ክፍተት አሁን ሰነዱ መሙላት ይኖርበታል።

[ምስል፦ ጥቁር የትዕዛዝ መስኮት]

ተራኪ፦ ለምሳሌ የምንወስደው በ2004 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሬድ ሃት ኩባንያ የተጀመረውንና ዛሬ በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ የሚገኘውን የኔትወርክ ግንኙነት አስተዳዳሪ ፕሮግራም፣ ኔትወርክ ማናጀርን፣ በተለይም ኤንኤምሲኤልአይ (nmcli) የተባለውን የትዕዛዝ መስመር መሣሪያውን ነው። መሣሪያው ጥሩ መመሪያ አለው። ይሁን እንጂ መመሪያው የታሰበው ውጤቱን በራሱ ለሚያጣራ ሰው ስለሆነ፣ ለወኪል ሲቀርብ አንዳንድ ነገሮች ከጥግ ወጥተው ከትዕዛዙ አጠገብ መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

ከሁሉ የሚያሳስተው የማሻሻያው ትዕዛዝ ነው። የላቦራቶሪውን አይፒ አድራሻ ለመቀየር የግንኙነቱን ፕሮፋይል (የተቀመጡ ቅንብሮቹን) ሲያሻሽሉ ትዕዛዙ ያለ ምንም ቅሬታ ይፈጸምና 0 የሚል የመውጫ ኮድ፣ ማለትም ትዕዛዙ እንዴት እንዳበቃ የሚናገር ቁጥር፣ ይመልሳል። ነገር ግን የተቀየረው የተቀመጠው ፕሮፋይል ነው፤ ግንኙነቱ እንደገና እስኪነሣ ወይም ለውጡ በመሣሪያው ላይ በሌላ ትዕዛዝ እስኪተገበር ድረስ ኮምፒውተሯ በአሮጌው አድራሻ መሥራቷን ትቀጥላለች። ሰው ቢሆን የላቦራቶሪው ማተሚያ አሁንም እንደማይሠራ አይቶ ይነቃል፤ ወኪሉ ግን 0 ማየቱን እንደ በቂ ማስረጃ ወስዶ «ሥራው ተጠናቋል» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ስለዚህ ሰነዱ ከትዕዛዙ ሥር እንዲህ ማለት አለበት፦ «0 ማለት ለውጡ ተቀምጧል ማለት ነው፤ በሥራ ላይ ውሏል ማለት አይደለም። ግንኙነቱን እንደገና አንሣና በመሣሪያው ላይ ያለውን አድራሻ ጠይቀህ አረጋግጥ።»

የቀሩት የመውጫ ኮዶችም ትርጉማቸው ብቻ ሳይሆን ቀጣዩ እርምጃም አብሮ ቢጻፍ ይመረጣል። 8 ኔትወርክ ማናጀር ራሱ እየሠራ አለመሆኑን፣ 10 ደግሞ የተጠራው ግንኙነት ወይም መሣሪያ አለመኖሩን ይናገራሉ፤ በሁለቱም ጊዜ ያንኑ ትዕዛዝ መደጋገም ዋጋ የለውም። 3 ግን የመጠበቂያ ጊዜው ማለፉን ብቻ ነው የሚናገረው። ግንኙነት ለማንሣት መሣሪያው በነባሪነት እስከ 90 ሰከንድ ይጠብቃል፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ራውተሩ ተነሥቶ እስኪረጋጋ ድረስ ይህ ጊዜ ላይበቃ ይችላል። ሰነዱ «3 ስታይ አትደጋግም፤ መጀመሪያ ሁኔታውን ጠይቅ» ካላለ ወኪሉ ሊነሣ የተቃረበን መስመር ደጋግሞ ሊያውክ ይችላል።

[ምስል፦ የዋይፋይ ስሞች ዝርዝር]

ተራኪ፦ ስለ ውጤት አነባበብ ጥቂት እንበል። ለፕሮግራም በሚመቸው አጭር የውጤት መልክ ዓምዶቹ የሚለዩት በእንግሊዝኛው ባለ ሁለት ነጥብ ምልክት (:) ሲሆን፣ በዓምዱ ይዘት ውስጥ ያለ ተመሳሳይ ምልክት ደግሞ ከፊቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ (\) ይደረግበታል። የዋይፋይ መሣሪያ አድራሻ ራሱ በዚሁ ምልክት የተከፋፈለ በመሆኑ፣ ይህ ካልተነገረው ወኪሉ አንዱን አድራሻ ስድስት ቦታ ቆራርጦ ያነበዋል። ከዚህም ሌላ የግንኙነት ስም ሊደገም ስለሚችል፣ ሰነዱ ምሳሌዎቹን ሁሉ በስም ሳይሆን በማይደገመው መለያ ቁጥር ቢሰጥ ይሻላል።

የዋይፋይ ስም ሌላም ጣጣ አለው፤ የሚሰይመው ማንም ጎረቤት ነው። ርዝመቱ 32 ባይት ድረስ ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ኮድ 3 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ ከ10 ፊደል አይዘልም፤ በላቲን ፊደል ግን አንድ አጭር ትእዛዝ አዘል ዐረፍተ ነገር ይችላል። ዝርዝሩን የሚያነብ ወኪል «ፋየርዎሉን አጥፋ» የሚል የዋይፋይ ስም ቢያጋጥመው፣ ስሙ መረጃ እንጂ መመሪያ አለመሆኑን ሰነዱ በግልጽ ሊነግረው ይገባል። ይህን ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ሲያልፈው አያለሁ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

[ምስል፦ የተቋረጠ የርቀት ግንኙነት]

ተራኪ፦ በመጨረሻ የሚቀረው ወኪሉ ራሱ የገባበትን መስመር የሚያቋርጥበት ሁኔታ ነው። ይህ ከሆነ መፍትሔው ከሽሮ ሜዳ እስከ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ እየቀያየሩ መሄድ ነው፤ እስከዚያም የካርድ ክፍሉ በወረቀት ይሠራል። ሌሎች መሣሪያዎች ለዚህ አስቀድመው አስበዋል፤ ለምሳሌ የጁኒፐር ኩባንያ የኔትወርክ መሣሪያዎች ለውጡ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተረጋገጠ ወደ ነበረበት የሚመልሱበት ስልት አላቸው፤ ጊዜው በነባሪነት 10 ደቂቃ ነው። ኔትወርክ ማናጀርም ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት በዲባስ በኩል ተመሳሳይ የመመለሻ ነጥብ ይሰጣል። ሰነዱ ትእዛዞቹን የሚያነብቡ፣ የሚቀይሩ እና መስመር ሊያቋርጡ የሚችሉ ብሎ ከለየ በኋላ፣ ለሦስተኞቹ የመመለሻ ነጥብና የሰው ፈቃድ ግዴታ መሆኑን መጻፍ አለበት።

አንትሮፒክ በኅዳር 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ ባደረገው፣ ወኪሎችን ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ጋር በሚያገናኘው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ውስጥ አንድ መሣሪያ አንባቢ ብቻ ወይም አጥፊ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ማድረግ ይቻላል። ምልክቱ ጥቆማ እንጂ መከልከያ አይደለም። ስለዚህ ወኪሉ የሚሠራበት የተጠቃሚ ስም ማድረግ የማይገባውን ሥርዓቱ ራሱ እንዲከለክለው ማድረግ ያስፈልጋል፤ ኤንኤምሲኤልአይ ደግሞ ለአንድ ተጠቃሚ የተፈቀደውንና የተከለከለውን በዝርዝር የሚያሳይ ትዕዛዝ ስላለው፣ ሰነዱ ወኪሉ ሥራውን በዚሁ ትዕዛዝ እንዲጀምር ማዘዝ ይችላል።