«እጁን አነሳብኝ» ስትል

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ 15 ደቂቃ ነው። ርዕሱንም የመረጡት እነሱ ናቸው። «በቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰባቸው ስደተኛ እህቶቻችን ባህላችንንና ሃይማኖታችንን የጠበቀ ድጋፍ» ይላል። ረጅም ነው። ኦክቶበር በዚህ አገር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1987 ጀምሮ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የሚነገርበት ወር ነው። አንድ ሰው መናገር ነበረበት፤ ዕጣው እኔ ላይ ወጣ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ሆስፒታል አብሬያችሁ ተቀምጫለሁ፣ ፍርድ ቤት አብሬያችሁ ቆሜያለሁ። የደም ግፊታችሁንና የስኳራችሁን ቁጥር ከልጆቻችሁ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። አትፍሩ፣ አልናገርም።

ዛሬ ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት ነው። ሌሊት ከአንድ ሆስፒታል ተደወለልኝ። ስደርስ አንዲት ልጅ ድንገተኛ ክፍል ተቀምጣለች። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፤ ዋናውን ግን አልነካሁትም። ነጠላዋን ተከናንባለች፣ እግሯ ላይ የቤት ሲሊፐር ነው። ራሴን አመመኝ ብላ ነው የመጣችው። ባልየው አጠገቧ ቆሟል። ጨዋ ሰው ነው፤ ተነስቶ ነው ሰላም ያለኝ። «እኔ አስተረጉምላት የለ እንዴ፣ አንቺ ምን አደከመሽ» አለኝ። ነርሷ ውጭ ጠብቅ አለችው። እግዜር ይስጣት። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ባልሽ ያስተርጉምልሽ፣ ልጅሽ ያስተርጉምልሽ ብሎ ማስገደድ አይችልም። ይሄን ያዙልኝ።

ነርሷ «ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

ልጅቷ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ተጣላን። ከዚያ እጁን አነሳብኝ» አለች።

እኔስ ምን ብዬ ተረጎምኩ? ቃል በቃል! «ዜይ ሃድ አን አርጊዩመንት። ሂ ሬይዝድ ሂዝ ሃንድ።»

እዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ «እጁን አነሳብኝ» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መታኝ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው እጁን አነሳ፣ በቃ። ቃጣና መለሰው። ነርሷም እንደዚያው ጻፈች። ታይሌኖል ተሰጣትና ተሸኘች። ባልየው የመኪናውን በር ከፍቶ አስገባት። እኔም ጨዋ ባል ነው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከወራት በኋላ እንጀራ ልገዛ ሱቅ ስገባ አገኘኋት። ጁላይ ነው፤ አስፋልቱ ይቀልጣል። እሷ እስከ አገጯ የተቆለፈ ሹራብ ለብሳለች። ግራ እጇ በጄሶ ታስሯል። እንጀራውን በቀኝ እጇ ብቻ ለማንሳት ስትታገል ያዝኩላት።

«ደህና ነሽ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሒሳቧን ከፈለች። ልትወጣ ስትል ቀስ ብላ፣ «ያን ቀን ነግሬያቸው ነበር እኮ» አለችኝ።

ነግራቸዋለች። መንገድ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

የእኛ ሴት «ደበደበኝ» አትልም። አፏ አያወጣውም። «ነካ አደረገኝ» ትላለች። «ሲጠጣ ጠባዩ ይለወጣል» ትላለች። «አንገቴን ያዘኝ» ስትል አነቀኝ ማለቷ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ሰው ማነቅ ከ2020 ወዲህ በአንደኛ ደረጃ የአካል ጥቃት ያስከስሳል። «ያዘኝ» እና «አነቀኝ» መሀል የዓመታት እስር አለ። አሁን እንዲህ ዓይነት ቃል ስሰማ፣ «ይህ በቋንቋችን ሌላ ትርጉም አለው፣ እባክዎን ደግመው ይጠይቋት» እላለሁ። ያኔ አላልኩም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ሽማግሌዎች። ታላላቆቼ ናችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ያጎደልኩት አንድ ቃል ነው። እናንተ ሙሉውን ነው የምታስቀሩት! እሷ «እጁን አነሳብኝ» ትላለች። እናንተ ለሱ «ትንሽ አስቀይመሃታል» ትሉታላችሁ። ለሷ ደግሞ «አጥፍቻለሁ ብሏል፣ ለልጆችሽ ስትይ ቻይው»። ከዚያ ይመረቃል፣ ይበላል። ያን ዶሮ ወጥ የሠራችው ማን ናት? እሷው ናት። በዚያችው በታመመች እጇ!

አንድ ቤት ስንት ጊዜ ነው የሚሸመገለው? ሦስት ጊዜ? አምስት ጊዜ? ሽምግልና የተጣሉ ሰዎችን ያስታርቃል። እዚህ ቤት የተጣላ ሰው የለም። መቺ አለ፣ ተመቺ አለች።

«ባህላችን ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እዚያው አገር ቤት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ ለሚፈጸም ጥቃት ነው የተጻፈው። ካህናት አባቶቼም ይፍቱኝ። እግዚአብሔር መፋታትን ይጠላል፤ ሚልክያስ 2፥16። ልክ ነው። ግን ቁጥሩ እዚያ ላይ አያልቅም፤ ቀጥሎ ስለ ግፍ ይናገራል። ግማሹን አንብቦ መጽሐፉን ማጠፍ የኔ ዓይነት ትርጉም ነው። ሙስሊም ወንድሞቼ፣ ነቢዩ በእጃቸው ሴት መትተው እንደማያውቁ የመሰከሩት ባለቤታቸው ዓኢሻ እንደሆኑ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ባህልና ሃይማኖት መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንዲት እህታችን ሁዳዴ ላይ መጠለያ ገባች። እራት ማካሮኒ በአይብ ቀረበ። ሦስት ቀን ዳቦና ፖም በላች። በአራተኛው ቀን ወደሚመታት ሰው ተመለሰች። ናፍቃው አይደለም። ጾሟን የምታውቅላት ምድጃ ያለችው እዚያ ስለነበር ነው። መጠለያዎቹን እኛ ሄደን ብናነጋግራቸው፣ ሽሮና በርበሬ ብናስቀምጥላቸው፣ ለሙስሊሟም ሐላል ሥጋ ብናደርስ ስንት ብር ይፈጃል? ለአዳራሹ ዲጄ ከከፈልነው ያነሰ ነው።

ወረቀትን በተመለከተ ደቂቃዬ እያለቀ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ልበል። «አስባርርሻለሁ» የሚል ባል ብዙ ነው። በእሱ ዲቪ የመጣች ሚስት ግሪን ካርዷ የራሷ ነው፤ ስለፈታችው አይነጠቅም። በጋብቻ የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ የተሰጣትና ጥቃት የደረሰባት ሴት ወደ ቋሚው ለመቀየር ያለ ባሏ ፊርማ ማመልከት ትችላለች። ባሏ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሆኖ ወረቀቷን አልጨርስም ካለ፣ በፈረንጅ በ1994 የወጣ ሕግ እሱ ሳያውቅ ራሷ እንድታመለክት ይፈቅድላታል። ጠበቃ ታማክር። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰውዬ ጠበቃ አይደለም! ፍርድ ቤት በተዘጋበት ሰዓትም እዚህ ሜሪላንድ የፍርድ ቤቱ ኮሚሽነር ዘንድ ሄዶ የጥበቃ ትእዛዝ፣ ማለትም ሰውየው እንዳይደርስባት የሚያግድ ትእዛዝ፣ መጠየቅ ይቻላል። የአገር አቀፉ የቤት ውስጥ ጥቃት የስልክ መስመር 1-800-799-7233 ነው። «አማርኛ» ብቻ ትበል፣ አስተርጓሚ ያገናኟታል። ቁጥሩ በትንንሽ ወረቀት ተጽፎ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ አለ። እዚያ ያስቀመጥኩት ባሎች እንዳያዩት ነው።

ከእናንተ መሀል ቅዳሜ ለሽምግልና የሚሄድ አይጠፋም። አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንዲት ትልቅ ሴት ይዛችሁ ሂዱ። ከመቀመጣችሁ በፊት አንዳችሁ ባልየውን ይዛችሁ ውጡ፤ ሰፈሩን አዙሩት። ሴትየዋ እሷ ጋ ትቅር። «እጁን አነሳብኝ» ካለች፣ «የት ላይ? በምን? ስንት ጊዜ?» ብላ ትጠይቃት። መሄድ እፈልጋለሁ ካለችም ሻንጣዋን አንሱላት፤ ምናልባት አንድ እጇ ብቻ ይሆናል ደህናው።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። አመሰግናለሁ።