ፍርዱን ተዋናዩም አያውቀውም

(የድሮ የእንግሊዝ ችሎት ድራማዎችን በሚወዱ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከሰብሳቢዋ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ ለንደን)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፤

እንኳን በደኅና መጣችሁ። በዚህ ዝናብ ሁለት ሦስት አውቶቡስ እየለዋወጣችሁ መጥታችሁ አዳራሹን መሙላታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የሒሳብ ሪፖርቱ ከምሳ በኋላ ይቀርባል። ገንዘብ ያዣችን አጭር እንደሚሆን ቃል ገብተዋል፤ ገንዘቡም አጭር ነውና እናምናቸዋለን።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ዕዳ አለብኝ። ባለፈው ዓመት ሰብሳቢ ሆኜ በተመረጥኩ ማግስት ልጄ፣ «እማዬ፣ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት የተቀረጸ የእንግሊዝ ችሎት ድራማ ምኑ ነው የሚጥማችሁ? ሰው ቆሞ ሲያወራ ብቻ እኮ ነው የሚታየው» ብላኝ ነበር። ያን ዕለት ቡና እየቆላሁ ስለነበር በዝምታ አለፍኳት። ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። እናቷ እየተናገረች ተነሥታ መውጣት አትችልምና መልሱን አሁን እሰጣታለሁ።

ለንደን የገባሁት በ1982 ነው፤ ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል አጸዳ ነበር። ጠዋት ገብቼ እተኛለሁ፣ ቀትር ላይ እነሣለሁ። የቤት አከራዬ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እንግሊዛዊት አሮጊት ነበሩ። ድራማው በሚታይበት ሰሞን ከምሳ በኋላ ሻያቸውን ይዘው ቴሌቪዥናቸው ፊት ይቀመጣሉ፤ እኔም እንድቀመጥ በእጃቸው ወንበሩን መታ መታ ያደርጉልኛል። ከዚያ በኋላ መነጋገር ክልክል ነው። አንድ ቀን በሩ ተንኳኩቶ ልነሣ ስል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አስቀመጡኝ። ያንኳኳው ሰው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

የሚያዩት «ክራውን ኮርት» የተባለውን ተከታታይ ድራማ ነበር። በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛ ለእኔ ጎርፍ ነው። በሥራ ቦታ፣ በአውቶቡስ ላይ፣ በገበያ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይናገራል፣ አንዱን ቃል ስይዝ ሌላው ያልፈኛል። በችሎቱ ውስጥ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚናገረው። ሌላው ይጠብቃል። ጠያቂው ይጠይቃል፣ ምስክሩ ይመልሳል፣ ዳኛው በእጃቸው ይጽፋሉ። የእንግሊዝ ጠበቆች ወጣቶቻቸውን «የዳኛውን ብዕር ተመልከት» ብለው እንደሚያስተምሩ የተረዳሁት በኋላ ነው፤ ብዕሩ ሳያቆም ሌላ ጥያቄ መወርወር ነውር ነው። እኔ የዚያ ብዕር ባለዕዳ ነኝ። ዳኛው እስኪጽፉ ድረስ እኔም ቃሉን በልቤ እጽፍ ነበር። ከዓመት በኋላ ለመኖሪያ ፈቃድ ቃሌን ልሰጥ በቀረብኩ ጊዜ የተጠየቅኩትን ብቻ መመለስን፣ ያላየሁትን አየሁ አለማለትን የተማርኩት ከፉልቸስተር ምስክሮች ነው።

ፉልቸስተርን በካርታ ላይ አትፈልጉት፤ የለም። ግራናዳ ቴሌቪዥን ለድራማው የፈጠረው ከተማ ነው። ድራማው ከ1972 እስከ 1984 ታይቷል። ከባድ ወንጀሎች የሚዳኙበት እውነተኛው የክራውን ፍርድ ቤትም የተቋቋመው በዚያው በ1972 መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ዳኞች ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ የሚያስችሉባቸው ለዘመናት የቆዩ ችሎቶች ነበሩ፤ እነሱ ተሽረው አዲሱ ሥርዓት ተተካ። ስለዚህ የአገሩ ሕዝብ አዲሱን ፍርድ ቤቱን ከቴሌቪዥኑ ጋር አብሮ ነው የለመደው ማለት ይቻላል።

አንድ ጉዳይ በሦስት ክፍል፣ በሦስት ተከታታይ ቀን ይታያል። አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ዳኛው ተዋናይ ናቸው፣ ጠበቆቹ ተዋናዮች ናቸው፣ ተከሳሹም እንደዚያው። ጁሪዎቹ፣ ማለትም ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑት አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ግን ተዋናዮች አይደሉም። ተራ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ክርክሩን እንደኛው ቁጭ ብለው ይሰማሉ፣ ከዚያም በራሳቸው ይወስናሉ። ደራሲው ውሳኔውን አይጽፍላቸውም፤ የሚጽፈው ሁለት መጨረሻ ነው፣ ተዋናዮቹም ሁለቱንም ተለማምደው ይጠብቃሉ። ከጁሪዎቹ መካከል ሰብሳቢው ብቻ ተዋናይ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሕግ ሳይሆን የሙያ ማኅበር ደንብ ነው፦ በካሜራ ፊት ቃል የሚናገር ሰው የተዋንያን ማኅበር አባል መሆን ነበረበት።

ያችን ቅጽበት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ተከሳሹ እንዲነሣ ይታዘዛል። የጁሪዎቹ ሰብሳቢ ይቆማል። ጸሐፊው ሁላችሁም የተስማማችሁበት ውሳኔ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኔ በዚህ ጊዜ ሰብሳቢውን አላየውም፤ የተከሳሹን እጅ ነው የማየው፣ የሳጥኑን ጠርዝ እንዴት እንደያዘ። ያ ተዋናይ ሙያውን ለዓመታት የሠራ ሰው ነው፣ በዚያች ሰከንድ ግን የሚመጣበትን አያውቅም። ትንፋሹ የተጻፈለት አይደለም። ዛሬ በሚሊዮን ፓውንድ የሚሠራ ድራማ ያችን ትንፋሽ ሊገዛት አይችልም።

አንዳንድ ሳምንት ተራዬ ተቀይሮ ሦስተኛው ክፍል ያመልጠኝ ነበር። ማታ ስገባ አከራዬ ተኝተዋል፤ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ግን ከስኳር ዕቃው ሥር የታጠፈ ቁራጭ ወረቀት አገኛለሁ። «ጥፋተኛ አይደለም»። ሌላ ምንም የለበትም። አንድ ጊዜ ደግሞ «ጥፋተኛ» ብለው ጽፈው ከሥሩ ሦስት ጊዜ አስምረውበት አገኘሁ። መስመሩ ወረቀቱን ቀዶታል። በውሳኔው እንዳልተስማሙ ገባኝ፤ በማግስቱ ሻዩን ሲቀዱም አኩርፈው ነበር፣ በአሥራ ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ላይ።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፣ ሰው ቆሞ ሲያወራ ብቻ ነው ያልሽው እውነት ነው። ካሜራው ከችሎቱ እምብዛም አይወጣም። ግድያው አይታይም፣ ስርቆቱ አይታይም፤ የሚታየው ስለ እርሱ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ይዋሻሉ፣ ይረሳሉ፣ ይፈራሉ። ነጻ ወጥቶ የሄደው ሰው አድርጎት ነበር ወይስ አላደረገም? አይነግሩሽም። እኔ ከ1983 ጀምሮ የምጨነቅበት አንድ ተከሳሽ አለ። ለእኔ ደስታው ይኸው ነው፤ የጎረቤትን ነገር እንደ መስማት ነው፣ ዳር ሆኖ፣ ግን ሁለቱንም ወገን በእኩል እየሰሙ። በሠፈር ወሬ ሁለተኛው ወገን መቼ ተጋብዞ ያውቃል?

እዚህ ላይ ስለ መዶሻው ሳልናገር አላልፍም። የአገር ቤት ጋዜጦች ሳይቀሩ ከፍርድ ቤት ዜና ጎን የእንጨት መዶሻ ሥዕል ያወጣሉ። የእንግሊዝ ዳኛ መዶሻ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። ከአሜሪካ ፊልም የተወሰደ ነው። በአሜሪካ ፊልም ጠበቃው ወለሉ ላይ ይንጎራደዳል፣ ወደ ጁሪዎቹ ሄዶ አጥሩን ይደገፋል። እንግሊዛዊው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የፈረስ ጭራ ዊጉን ደፍቶ ባለበት ቆሞ፣ ሊያጠፋው የመጣውን ተቃራኒ ጠበቃ «የተማሩት ወዳጄ» እያለ ይጠራዋል። ስድቡ በአክብሮቱ ውስጥ ነው ያለው። ሰምና ወርቅ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ድራማው የሚታይበት ሌላም ምክንያት ነበረ። በእንግሊዝና በዌልስ ፍርድ ቤት ውስጥ ፎቶ ማንሣት በ1925 በሕግ ተከልክሏል። ሠዓሊ እንኳ በችሎቱ ውስጥ መሣል አይፈቀድለትም፤ የተከሳሹን ፊት በልቡ ይዞ ይወጣና ውጭ ነው የሚሥለው። በክራውን ፍርድ ቤት ዳኛ ቅጣት ሲያነቡ ካሜራ የተፈቀደው በ2022 ነው፣ እሱም ዳኛውን ብቻ ለማሳየት። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ተመልካች ችሎት ማየት ቢፈልግ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ሄዶ የሕዝብ መቀመጫ ላይ መቀመጥ፣ አለዚያም ፉልቸስተር።

አሁን ማኅበራችንን ለሁለት ወደሚከፍለው ጉዳይ ልግባ። ግማሾቻችሁ የሌላው ድራማ ጠበቃ፣ የራምፖል፣ ወገን መሆናችሁን አውቃለሁ። «ራምፖል ኦቭ ዘ ቤይሊ» በ1975 በቢቢሲ እንደ አንድ ቴአትር ታይቶ፣ ከ1978 እስከ 1992 በቴምስ ቴሌቪዥን ተከታታይ ሆነ። ደራሲው ጆን ሞርቲመር ራሱ ጠበቃ ነበረ። ራምፖልን የሆነው ሊዮ ማክኬርን ደግሞ የአውስትራሊያ ሰው ነው፤ ነገር ግን ያን የወፈረ፣ የሲጋራ አመድ በወገቡ ላይ የሚያራግፍ፣ በርካሽ ወይን የሚጽናና አዛውንት ከእሱ በቀር ማን ሊሆነው ይችል ነበር? ቤት ሲገባ ሚስቱን «ትእዛዟ የማይጣሰው» ይላታል፤ ፍርድ ቤት ግን ማንንም ዳኛ አይፈራም። እወደዋለሁ። ቅሬታዬ ዳኞቹ ሁሉ ቂሎች ወይም ክፉዎች መሆናቸው ነው፤ እንደዚያ ከሆነ መርታት ምን ጀግንነት አለው?

አንድ ነገር ግን ከእሱ ወርሰናል፤ የወርቁን ክር። ራምፖል ደጋግሞ የሚያነሣት ይህች ክር ልብ ወለድ አይደለችም። በ1935 አንድ ወጣት የእርሻ ሠራተኛ ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ሞት ተፈርዶበት ነበር። እሱ ጠመንጃው ሳላስበው ተኮሰ ይላል። ጉዳዩ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ከነበረው ከጌቶች ምክር ቤት ደርሶ ሎርድ ሳንኪ ፍርዱን ሲሽሩ፣ በእንግሊዝ የወንጀል ሕግ ድር ውስጥ አንድ የወርቅ ክር ሁልጊዜ ይታያል፣ እሱም ጥፋቱን የማስረዳት ግዴታ የከሳሽ መሆኑ ነው አሉ። ልጁ ከስቅላት ተረፈ። ራምፖል ያንን ክር ለደንበኞቹ፣ ለሌባው የቲምሰን ቤተሰብ፣ ሲዘረጋላቸው ማየት ደስ ይላል።

ስለ ሌላው የጠበቃ ድራማ፣ ስለ «ካቫናህ»፣ አላበዛም። ጆን ቶው ትልቅ ተዋናይ ነበረ፤ ነገር ግን እኔ ጠበቃው ቤቱ ገብቶ እራት ሲበላ ማየት አልፈልግም፣ ችሎቱ ይናፍቀኛል። ይልቅ ወጣት ሴቶች አባሎቻችን ከ1971 እስከ 1974 የታየውን «ጀስቲስ» እንዲያዩት አደራ እላለሁ። ማርጋሬት ሎክዉድ በውስጡ ሴት ጠበቃ ናት። ሴት ጠበቃ በአገሩ ገና ጥቂት በነበረበት ዘመን፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ወንድ ምስክር ስታፋጥጥ ታዩአታላችሁ።

እኛ ይህን መውደዳችን ለፈረንጅ ይገርመው ይሆናል እንጂ ለእኛስ አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ከሥራ ሲፈቱ የሚሄዱት ሙግት ሊሰሙ ነበር። «ተጠየቅ» ባዩ ተሟጋች ኩታውን እያጣፋ፣ ነገር በምሳሌ እያዋዛ፣ በማር በበቅሎ እየተወራረደ ሲከራከር አደባባዩ ሙሉ ሰው ያዳምጥ ነበር። የዘመኑ ሕጋችንም ከእንግሊዝ መንገድ ርቆ አልሄደም፤ በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምስክር በዋና ጥያቄ፣ በመስቀለኛ ጥያቄና በድጋሚ ጥያቄ እንዲመረመር ያዝዛል። በአገር ቤት ለረጅም ዓመታት በጥብቅና የኖሩት አባላችን ይህን ሊረሱት አይችሉም። ባለፈው ጥር ካሴቱ እየታየ ሳለ ከወንበራቸው ተነሥተው ቴሌቪዥኑን «መሪ ጥያቄ ነው፤ እቃወማለሁ!» ሲሉት ሁላችንም ነበርን፤ መልሱን ለምስክሩ የሚጠቁም ጥያቄ ነው ማለታቸው ነው። ወዲያው በድራማው ውስጥ ያለው ጠበቃ ተነሥቶ ያንኑ ተናገረ። ዳኛውም ተቀበሉት። ጋሼ ያን ማታ ቡና ሦስት ስኒ ነው የጠጡት።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ፕሮግራማችን። የክራውን ኮርት አንድ ጉዳይ እናያለን፤ ሁለቱን ክፍል ከምሳ በፊት፣ ሦስተኛውን ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ። የሦስተኛው ክፍል ዲስክ በጸሐፊያችን ቦርሳ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ባለፈው ዓመት በምሳ ሰዓት አጮልቆ ያየ ሰው ስላለ ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። አሥራ ሁለት ጁሪ በዕጣ እናወጣለን። እነሱ በግራ በኩል ይቀመጣሉ፣ ከሌላው ሰው ጋር አይነጋገሩም፣ ምሳቸውም ለብቻቸው ይቀርብላቸዋል። የእነሱ ውሳኔ ከፉልቸስተሩ የተለየ እንደሆነ ቡናውን የሚያፈሉት እነሱ ናቸው።

ጠበቃው ጋሼ ከዕጣው ውጭ ናቸው። እንግሊዝ እስከ 2004 ድረስ ጠበቃን በጁሪነት አታስቀምጥም ነበር፤ እኛም የምናየው የድሮ ድራማ ስለሆነ የድሮውን ሕግ እንከተላለን። ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ በአቤቱታ ይምጡ።

ልጄ ግን ስምሽ ተጽፎ በሳጥኑ ውስጥ ገብቷል። ጸሐፊ፣ ሳጥኑን አምጡልኝ። ጉባኤው ተከፍቷል።