ማግኔት የሳበው ሁሉ ማግኔታይት አይደለም

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጫጫታ የበዛበት ሥራ ነው። የብረት ኦክሳይድን በኳስ ወፍጮ ፈጭቶ ማግኔታዊ ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት፣ ማውጣት።

ሲያዩት ቀላል ነው። ዱቄቱንና ጠንካራ ኳሶችን ጣሳ ውስጥ ትጨምራላችሁ፣ ትዘጉታላችሁ፣ ማሽኑ ያሽከረክረዋል። ኳሶቹ ሲጋጩ መሃላቸው የገባውን ይሰባብሩታል። ጀማሪ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ዱቄቱ ቶሎ የሚደቅ ይመስለዋል። ተራው ከበሮ ወፍጮ ላይ ግን ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ኳሶቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አብረው ይዞራሉ። ጩኸቱ ይቀንሳል፣ መፍጨቱም ይቆማል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የናሳው መሐንዲስ ስቲቭ ፓፔል ማግኔታይትን፣ ማለትም ማግኔት የሚስበውን ጥቁር የብረት ኦክሳይድ፣ ዘይት ውስጥ ከሚገኘው ኦሌይክ አሲድ ጋር ፈሳሽ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ፈጭቶ በማግኔት የሚጎተት ፈሳሽ ሠራ። ሐሳቡ ክብደት በማይሰማበት ሕዋ የሮኬት ነዳጅን በማግኔት መሳብ ነበር። ኦሌይክ አሲዱ ለጌጥ አልገባም። ደቃቅ ቅንጣቶች መጣበቅ ይወዳሉ፤ አሲዱ እያንዳንዱን ሸፍኖ ያራርቃቸዋል። በደረቁ ስትፈጩ ግን ከጊዜ በኋላ የሚሰበረውና ተመልሶ የሚጣበቀው እኩል ለእኩል ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሰዓት መጨመር መብራት ማባከን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቀዩን የብረት ኦክሳይድ፣ ሄማታይትን፣ ማግኔታይት ይሆናል ብላችሁ በብረት ጣሳና በብረት ኳስ ፈጫችሁ እንበል። ዱቄቱ ጠቆረ። ማግኔት ስታስጠጉ ተንጋግቶ ተለጠፈ። እልል! ቆዩ ግን። ከኳሶቹ የተላጠ ብረትም ጥቁር ነው፤ እሱንም ማግኔት ይስበዋል። ደግሞ ያ ብረት ዝም ብሎ አይቀመጥም። 4 ሞል ሄማታይት ከ1 ሞል ብረት ጋር ተዋህዶ 3 ሞል ማግኔታይት ይሰጣል። ይህን አውቆ የብረት ዱቄት መዝኖ የሚጨምር ሰው ትክክል ነው። ጣጣው ሳይታወቅ ሲገባ ነው።

ቁጥሩም ያታልላል። የማግኔታይት ሙሌት ማግኔታዊነት፣ ማለትም ሊደርስበት የሚችለው የማግኔታዊነት ጣሪያ፣ በክፍል ሙቀት በግራም 92 ኢኤምዩ (የማግኔታዊነት መለኪያ) ገደማ ነው፤ የብረት 218። ናኖ ቅንጣት ደግሞ የገጹ አተሞች ሥርዓት ስለሚያጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ92 በታች ነው የሚወርደው። ስለዚህ መሣሪያው 100 ካነበበላችሁ አትጨፍሩ። ብረት ገብቶበት ይሆናል። በኤክስሬይ አዩት፤ ከመዳብ በሚወጣ ኤክስሬይ 44.7 ዲግሪ አካባቢ የብረት ምልክት የሆነ ጉብታ ካለ ተጠርጣሪው ተያዘ። ከዚህ የሚረክሰው ዘዴ ሚዛን ነው። ኳሶቹን ከመፍጨታችሁ በፊትና በኋላ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ መዝኑ። የጎደለው የት እንደገባ ታውቃላችሁ። ዚርኮኒያ ከተባለው ሴራሚክ የተሠራ ኳስም ይላጣል፤ ቢያንስ ግን ማግኔት አይስበውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣሳውን እንደሞቀ አትክፈቱ። ውስጡ ግፊት ሊኖር ይችላል፤ ደቃቅ የብረት ዱቄትም አየር ሲያገኝ ሊቀጣጠል ይችላል።

አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄ እንለፍ።