የማን ልጅ ነህ? ጎጃም ውስጥ ከሌላ ባህል ማግባትና የልጆቹ ነገር

[ምስል፦ ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚወስደው አስፋልት፣ ከመኪና መስኮት። ሙዚቃ የለም።]

ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ፣ ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ ከመወራቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመጣል። «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?»

የተጠየቀው የአባቱ ስም ብቻ እንዳይመስላችሁ። አያቱ፣ ቅድመ አያቱ፣ አገሩ፣ አጥንቱ ሁሉ እዚያች ጥያቄ ውስጥ አሉ። ዛሬ የምናየው ለዚህች ጥያቄ ሁለት መልስ ያለው ልጅ ምን እንደሚገጥመው ነው።

ከመጀመሬ በፊት ልናዘዝ። አባቴ የቡሬ ሰው ነው። እናቴ የባንጃ አገው ናት። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

[ምስል፦ የድሮው የጎጃም ካርታ]

ጎጃም ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ቅኔ፣ ጤፍና ደብረ ማርቆስ ነው። የድሮው ጠቅላይ ግዛት ግን ከዚያ ይሰፋል። አማራው አለ፣ አገው አለ። መተከል በኩል ጉሙዝ፣ ሽናሻና ኦሮሞ አሉ። ጣና ዳር ወይጦ፣ ዓባይ ዳር ደግሞ ጋፋት ነበሩ። አገሩ በክልል ሲከፋፈል መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሄደ። አዊ በአማራ ክልል ውስጥ የብሔረሰብ ዞን ሆነ። ጋብቻው ግን ከካርታው በፊት የነበረ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ እንመለስ። ደንቡ ሰባት ቤት መቁጠር ነው። እስከ ሰባት ትውልድ የሥጋ ዝምድና ካለ ጋብቻ የለም። እስኪ አስቡት፣ ይህ ደንብ ራሱ «ራቅ ብለህ አግባ» እያለ ነው። ራቅ ብሎ የሄደው ልጅ ታዲያ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ይዞ ሲመጣ «ምነው ይህን ያህል ራቅህ?» ይባላል።

(የሚገርመው አገውም ራሱን ሰባት ቤት አገው ይላል። አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ ዚገም፣ መተከል። ሰባት ቁጥር ከዚህ አገር የምትለቅ አይደለችም።)

[ምስል፦ ጥር 23፣ እንጅባራ፣ ፈረሰኞች]

የአማራና የአገው ጋብቻ ብዙ ጊዜ ብዙ ሳያነጋግር ያልፋል። ጾሙ አንድ፣ ታቦቱ አንድ፣ ማረሻው አንድ ነው። ልዩነቱ ቋንቋው ነው። አማርኛና አገውኛ፣ ባለቤቶቹ አውኚ የሚሉት፣ እህትማማች አይደሉም። አንዱ ሴማዊ፣ ሌላው ኩሻዊ ነው። ሠርግ ላይ ግን ይህን የሚያነሳ የለም። መልስ ላይ ትንሽ መቀላለድ አለ፣ ጠላው ይቀዳል፣ አለቀ።

ሃይማኖት ሲለያይ ነገሩ ይከብዳል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ በተክሊልና በቁርባን ለመጋባት ሁለቱም የተጠመቁ መሆን አለባቸው። ስለዚህ አንዱ የራሱን ይተዋል፣ ወይ ሰማንያ ይታሰራል፣ ወይ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን «የባህል ልዩነት» ሲባል ማንም የማያነሳው ነው።

[ምስል፦ የሸማኔ ጉድጓድ፣ እጆች ብቻ]

ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ። ቋንቋቸው አማርኛ ነው። አብዛኞቹ የሚሳለሙትም ያንኑ ደብር ነው። ጋቢያቸውን ለብሰን፣ በማረሻቸው አርሰን፣ በጀበናቸው ቡና ጠጥተን ልጃችንን ሲጠይቁን «አጥንቱ አይሆንም» እንላለን። «ቡዳ» የሚለውም ቃል አብሮ ይመጣል። ጣና ዳር ያሉት ወይጦዎችም እንዲሁ ናቸው። የደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፣ የሚናገሩት አማርኛ ነው፣ የራሳቸው የድሮ ቋንቋ ጠፍቷል። ድሮ ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብለው ጎረቤት ለብዙ ዘመን አብሯቸው አልበላም። አብሮ ያልበላ ደግሞ አይጋባም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ነው የራቃቸው።

እኔ በበኩሌ ከዚህ አንድ ነገር ተረድቻለሁ። የጎጃም ሽማግሌ የሌላ ቋንቋ ያን ያህል አያስፈራውም። የሚያስፈራው አጥንት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ለጋብቻ ዕድሜ የደረሰ ወንድና ሴት በዘር፣ በብሔርና በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግበት የመጋባት መብት አለው ይላል። ጥሩ ነው። ሽማግሌው ግን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይልሃል።

[ምስል፦ የበቆሎ ማሳ፣ ወንበርማ]

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ገበሬው በቆሎ ሊዘራ ሲነሳ የሚፈልገው ድቅል ዘር ነው። ቢኤች 660ን የማያውቅ የለም። ሁለት ዘር ሲዳቀል ምርቱ እንደሚበልጥ ማንም አይነግረውም፣ ያውቀዋል። ያው ሰውዬ ማታ ቤቱ ገብቶ ልጅ ሊሰድብ ሲፈልግ «ዲቃላ» ይላል። የሁለቱ ቃል ሥር አንድ ነው።

ወደ ልጆቹ እንግባ።

ወላጆች መጀመሪያ የሚፈሩት ቋንቋን ነው። «ሁለት ቋንቋ ከሆነ ልጁ ይምታታበታል» ይባላል። አይምታታበትም። ሁለት ቋንቋ እየሰማ የሚያድግ ልጅ አልፎ አልፎ ቃላት ይቀላቅላል፣ ያ ሁለቱንም እየያዘ ስለሆነ ነው። አፍ መፍታቱን አያዘገይበትም። የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ አንደኛውን ቋንቋ የሚፈልግበት ምክንያት ማጣቱ ነው።

በእኔ አይቼዋለሁ። ያደግነው ቡሬ ከተማ ነው። እናቴ አገውኛ የምትናገረው ከእህቶቿ ጋር ስትገናኝ፣ ወይ እኛ ስናናድዳት ነበር። ስለዚህ የእኔ አገውኛ የቁጣ አገውኛ ነው። «ተው»፣ «ና»፣ «ምን ሆነህ ነው» ሲባል እሰማለሁ። አክስቶቼ ሲያወሩ ሙሉውን እከተላለሁ። የምመልሰው ግን በአማርኛ ነው፣ እነሱም ይስቃሉ። አዊ ዞን ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአውኚ ይሰጣል፤ እዚያ ያደገ ልጅ ቋንቋውን ማንበብም መጻፍም ይችላል። ቡሬና ባህር ዳር ያደገ ግን ከእናቱ አፍ ካልሰማው ከየትም አያገኘውም።

[ምስል፦ ዓባይ በረሃ፣ ጠዋት]

ይህ ሲገፋ የት እንደሚደርስ ጎጃም ራሱ ያሳያል። ጋፋትኛ እዚሁ በዓባይ ዳር ሲነገር የኖረ ቋንቋ ነበር። ቮልፍ ሌስላው የሚባል የቋንቋ ሊቅ በ1939 ዓ.ም. ገደማ መጥቶ ሲፈልግ ቋንቋውን የሚያውቁ 4 ሰዎች ብቻ አገኘ። ጋብቻ ብቻውን አላጠፋውም፣ ገበያውም አስተዳደሩም አለበት። ሰዎቹ ግን የትም አልሄዱም። የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ እየተናገሩ እዚሁ ከመካከላችን ይኖራሉ።

ሁለተኛው ስም ነው። በእኛ አገር ልጅ የአባቱን ስም ይከተላል፣ ቀጥሎ የአያቱን። የእናት ወገን ከስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስሜን ብነግራችሁ አገው ይኖርበታል ብላችሁ አትጠረጥሩም።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ «ብሔር» የሚል አንዲት ባዶ ቦታ ነበረች። «ሁለት ነው» አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ «የአባትህን በል» አለና ጻፈው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቦታዋ ለአንድ ቃል ብቻ ትበቃ ነበር። የአሁኑ ፋይዳ ብሔር አይጠይቅም።

ሰላም ሲሆን እንዲህ ያለው ነገር ያስቃል። ሲከፋ ግን አያስቅም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ ሰው በማንነቱ ሲገደልና ሲፈናቀል፣ እናቱ ከአንዱ አባቱ ከሌላው የሆነ ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የሚመልሰው መልስ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ይህን በቪዲዮ መሀል በሁለት ዓረፍተ ነገር ማለፌ ልክ አይደለም፣ ለብቻው እመለስበታለሁ።

[ምስል፦ እንጅባራ፣ ከፈረሱ በዓል በኋላ፣ አቧራ]

ያለፈው ጥር 23 ልጄን ይዣት እንጅባራ ሄድኩ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ የደብረ ማርቆስ ሰው ናት። ፈረሳቸውን ያሰሩ አንድ አባት ጉንጯን ነካ አድርገው «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። የእኔን ስም ትጠራለች ብዬ ስጠብቅ የእናቴን ስም ጠራች። «እሷስ የማን ልጅ ናት?» አሉ ወደ እኔ ዞር ብለው።

በአባቴ በኩል ሰባት ቤት እስከ ጫፉ እቆጥራለሁ። በእናቴ በኩል ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። ሰውዬው ዝም ብለው ጠበቁኝ። እኔም እዚያው ቆሜ ለእናቴ ደወልኩላትና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። ፈረስ እያናፋ፣ እሷ ዘጠነኛው ላይ ደረሰች፣ ልጄም ስም በስም ከኋላዋ እየደገመች።